የመጀመሪያው አድማጭ፦ ጓደኝነትና የዘፈን ድርሰት በናሽቪል

ካንትሪ በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ሙዚቃ ታሪኩ በአብዛኛው የተጻፈው በዘፋኞቹ ዝና፣ በተሸጡት ሸክላዎች ብዛትና በታላላቅ መድረኮች ዙሪያ ሲሆን፣ ዘፈኖቹ ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት የተፈተኑባቸው የመኖሪያ ቤት ጠረጴዛዎችና ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሟቸው ጥቂት ጆሮዎች ግን ለታሪኩ ማድመቂያ ያህል ብቻ ሲጠቀሱ ኖረዋል። ከ1971 መጨረሻ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴነሲ ግዛት ዋና ከተማ በናሽቪል የተሰባሰቡት ወጣት ደራሲያን፣ በተለይም ጋይ ክላርክ፣ ባለቤቱ ሱዛና ክላርክ፣ ታውንስ ቫን ዛንት፣ ሮድኒ ክሮዌልና ስቲቭ ኧርል፣ ይህ አተያይ ምን ያህል ጎዶሎ እንደ ሆነ ያሳያሉ። በእነርሱ ዘንድ ጓደኝነት ከሥራ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ሳይሆን ሥራው ራሱ የሚከናወንበት ቦታ ነበር፤ አንድ ዘፈን ለአሳታሚ ከመሰጠቱና በታዋቂ ድምፅ ከመቀረጹ አስቀድሞ፣ ደራሲው ፍርዳቸውን ከገበያው ፍርድ አብልጦ በሚፈራቸው ሰዎች ፊት መዘፈን ነበረበት፤ ያ የመጀመሪያ አድማጭም ስለሚወድ ብቻ የሚያጨበጭብ ሳይሆን፣ ስለሚወድ የማይምር አድማጭ ነበር።

ዘፈን ደራሲነት እንደ መተዳደሪያ

ካንትሪ በ1920ዎቹ የንግድ ቅርጽ የያዘ የደቡባዊ አሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ሲሆን፣ ከብሪታንያ ደሴቶች የመጡ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው የገቡት ተራኪ ዘፈኖች፣ የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና መነሻው አፍሪካ የሆነው ባንጆ የተሰኘ የክር መሣሪያ ተዋሕደው ያስገኙት ነው። በ1925 የተጀመረው «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለ የሬዲዮ ዝግጅት ናሽቪልን የዚህ ሙዚቃ መዲና ካደረጋት በኋላ፣ አሳታሚዎችና ስቱዲዮዎች ቀስ በቀስ «ሚዩዚክ ሮው» ተብሎ ወደሚጠራው ሰፈር ተሰበሰቡ፤ በዚያም የዘፋኙና የደራሲው ሥራ የተለያየበት ልማድ ጸና። ዘፋኙ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሕዝብ ፊት ሲቆም፣ ግጥሙንና ዜማውን የሚደርሰው ሰው ብዙ ጊዜ ስሙ በሸክላው ላይ በደቃቅ ፊደል ብቻ ተጽፎ ቤቱ ይቀር ነበር።

ይህ ሰው የሚኖረው በቅጂ መብት ገቢ ነው። በ1909 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን ለታተመበት ለእያንዳንዱ ሸክላ ቢበዛ 2 ሳንቲም እንዲከፈል የደነገገ ሲሆን፣ ይህ ተመን እስከ 1977 መጨረሻ ድረስ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ ስለዚህ 1 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ ዘፈን ቢበዛ 20 ሺህ ዶላር ያስገኝ፣ ከዚያም ላይ በልማዱ መሠረት ግማሹ ለአሳታሚው ድርጅት ይሄድ ነበር። ሁለተኛው የገቢ ምንጭ ሬዲዮ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሕግ የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኑን በማሰማታቸው ለደራሲውና ለአሳታሚው ይከፍላሉ እንጂ ለዘፋኙ አይከፍሉም፤ ድምፁ መልካም ያልሆነ ደራሲ በሌላው ድምፅ ኑሮውን ሊመራ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። አሳታሚው ተስፋ የጣለበትን ደራሲ በየሳምንቱ በሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያ ያቆየዋል፤ ይህ ገንዘብ ግን ደመወዝ ሳይሆን ወደፊት ከሚገኘው ገቢ የሚቀነስ ብድር ነው።

ከዚህ የገንዘብ ሥርዓት ውስጥ «ኮ-ራይት» የሚባለው በጋራ የመድረስ ልማድ ተወለደ፤ ሁለት ወይም ሦስት ደራሲያን እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዘው፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ተያይተው ሳያውቁ፣ ጠዋት በአሳታሚው ቢሮ ተገናኝተው እስከ ከሰዓት አንድ ዘፈን ጨርሰው ይለያያሉ፣ ገቢውንም አንዱ አንዲት ስንኝ ብቻ ያዋጣ ቢሆን እንኳ እኩል ይካፈላሉ። ልማዱ ብዙ ጥሩ ዘፈኖችን እንዳፈራ መካድ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በቀጠሮ የተገናኙ ሰዎች እርስ በርስ ለመከባበር ሲሉ ደካማውን ስንኝ ያሳልፉታል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከታቸው ደራሲያን ያላሳለፉትም በትክክል ያንን ስንኝ ነው።

ከቴክሳስ የመጡት

ጋይ ክላርክ በ1941 በምዕራብ ቴክሳስ በረሃማ ሜዳ ላይ በምትገኘው ሞናሃንስ ተወለደ። አያቱ በከተማዪቱ ሆቴል ስለነበራት ልጅነቱን ያሳለፈው በነዳጅ ቁፋሮ ሠራተኞችና በመንገደኞች መካከል ሲሆን፣ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነውን አንድ ሽማግሌ የጉድጓድ ቆፋሪ እንደ አያት ተከትሎ ማደጉ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ «ዴስፐራዶስ ዌይቲንግ ፎር ኤ ትሬን» ለተሰኘው ባቡር ስለሚጠብቁ ሽፍቶች ለሚናገረው ዘፈኑ መነሻ ሆነ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ ቤተሰቡም ምሽት ምሽት ግጥም ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ነበረው። ክላርክ ዕድሜውን ሙሉ ከዜማው ይልቅ የተነገረውን ቃል ማስቀደሙ ከዚህ የቤት ልማድ የመነጨ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ታውንስ ቫን ዛንት በ1944 በፎርት ዎርዝ የተወለደው ከዚህ እጅግ ከተለየ ቤት ነው። ቅድመ አያቶቹ ቴክሳስ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ በነበረችበት ዘመን ከመሪዎቿ ወገን የነበሩ፣ ዛሬም አንድ አውራጃ በስማቸው የሚጠራ ባለጸጎች ነበሩ። ወጣቱ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የአእምሮ መታወክ ምልክት ስለታየበት ወላጆቹ በ1964 በጋልቨስተን ሆስፒታል አስገቡት፤ በዚያም በጊዜው ይሠራበት በነበረው፣ በሽተኛውን በኢንሱሊን መድኃኒት ራሱን እንዲስት በሚያደርግ ሕክምና ለወራት ከታከመ በኋላ፣ የልጅነት ትዝታው አብዛኛው ጠፋ። ስለ ትዝታ በሚናገር በማንኛውም ጽሑፍ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሊታለፍ አይገባውም፤ ጓደኞቹ የእርሱን ቃላት ሸምድደው፣ ታሪኮቹን ደጋግመው እየተረኩ መኖራቸው፣ የራሱን ያለፈ ዘመን ላጣ ሰው ሌላ ያለፈ ዘመን እንደ መስጠት ነበርና።

ሁለቱ የተዋወቁት በ1960ዎቹ በሂዩስተን፣ የፎክ ዘፋኞች በጊታር ብቻ ይጫወቱባቸው በነበሩት ትናንሽ የቡናና የመጠጥ ቤቶች ውስጥ ነው። ክላርክ በዚያን ጊዜ በብዛት የሌሎችን አሮጌ ዘፈኖች ይጫወት የነበረ ሲሆን፣ የራሱን ለመድረስ የተነሣሣው ቫን ዛንት የጻፋቸውን ከሰማ በኋላ መሆኑን እስከ ዕለተ ሞቱ ሲመሰክር ኖሯል። በዚህ ምስክርነት ውስጥ ቅናት የለም፤ ክላርክ ጓደኛውን ለመምሰል ሞክሮ እንደማይሆንለት ቶሎ የተረዳ ሰው ነው። ቫን ዛንት ከየት እንደ መጡ በማይታወቁ ምስሎች ሲጽፍ፣ ክላርክ ቢላዋን፣ ጀልባን፣ ቲማቲምንና የአባትን እጅ እንደ ዕቃ በዝርዝር እያየ ይጽፍ ነበር፤ ለመመሳሰል አለመሞከራቸውም ለ30 ዓመታት አንዱ የሌላው ዳኛ ሆኖ እንዲዘልቅ ያስቻለው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛዋ፣ ሱዛና ታሊ፣ የቴክሳስ ተወላጅ ሆና በኦክላሆማ ሲቲ ሥዕል የምታስተምር ሠዓሊ ነበረች። በ1970 የእኅቷ ሞት ያስከተለው ጥልቅ ኀዘን ከክላርክ ጋር አቀራርቧት፣ ሁለቱ አብረው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ እርሱም በዚያ ዶብሮ የሚባለውን፣ ድምፁ በብረት ሳህን የሚጎላ ጊታር በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከተማዋን አልወደዳትም። ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አንድ ሌሊት ከሙዚቃ ሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የመጣለትን ሐሳብ በሱዛና የቅንድብ መኳያ እርሳስ የምግብ ከረጢት ላይ ጽፎ አስቀመጠው፤ ወረቀቱም በኪሱ ከቆየ በኋላ «ኤል.ኤ. ፍሪዌይ» የተሰኘው ዘፈን ሆነ፤ በዘፈኑ ውስጥም በዚያ ዘመን አብሮት የሚጫወት ቀጭን ቁመተ ረጅም የቤዝ ተጫዋች ጓደኛው በቅጽል ስሙ ይነሣል። የአሳታሚ ውል ባገኘ ጊዜ በሎስ አንጀለስ ከመቅረትና ወደ ናሽቪል ከመሄድ እንዲመርጥ ተጠየቀ፤ እርሱም ናሽቪልን መረጠ።

የክላርኮች ቤት

በጃንዋሪ 1972 ጋይና ሱዛና ሲጋቡ ሚዜያቸው ታውንስ ቫን ዛንት ነበር፤ ከሠርጉም በኋላ ሚዜው ከሙሽሮቹ ጋር ወደ ቤታቸው ገብቶ ለወራት አብሯቸው ተቀመጠ። ቫን ዛንት «ኢፍ አይ ኒድድ ዩ» የተባለውን፣ በችግር ጊዜ ስለ መድረስ የሚናገረውን ዘፈን ያገኘው በዚያ ቤት ነው፤ ጉንፋን ይዞት በተኛበት ሌሊት ዘፈኑን በሕልሙ ሲዘፍን እንዳየው፣ ነቅቶ ቃሉን ብቻ ጽፎ መልሶ እንደተኛና ጠዋት ለባልና ሚስቱ ሙሉውን እንደተጫወተላቸው ሦስቱም ይናገሩ ነበር። ዘፈኑ በ1981 በዶን ዊሊያምስና በኤሚሉ ሃሪስ ቅብብል ተዘፍኖ በካንትሪ የደረጃ ሰንጠረዥ 3ኛ እስኪደርስ ድረስ ግን፣ ለዓመታት የሚያውቁት በአብዛኛው የደራሲው ታማኝ አድማጮች ነበሩ።

ቤቱ ቀስ በቀስ ከቴክሳስ ለሚመጡ ወጣቶች ማረፊያ ሆነ። በ1972 ከሂዩስተን የመጣው ሮድኒ ክሮዌል ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነበር፤ በ1974 የደረሰው ስቲቭ ኧርል ደግሞ 19 ዓመቱ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በክላርክ ቡድን ውስጥ ቤዝ የመጫወት ሥራ ተሰጠው። በዚህ ቤት ሌሊቱን የሚገዛው ልማድ የካንትሪ ሰዎች «ጊታር ፑል» የሚሉት ነው፤ አንድ ጊታር በተቀመጡት መካከል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የደረሰው ሰው አንድ ዘፈን ይጫወታል፣ ሌላው ያዳምጣል። ልማዱን ያመጡት ክላርኮች አይደሉም፤ ጆኒ ካሽ በናሽቪል አቅራቢያ በሚገኘው የሐይቅ ዳር ቤቱ ቦብ ዲለንን፣ ጆኒ ሚቸልንና ክሪስ ክሪስቶፈርሰንን የመሳሰሉ ደራሲያን ሰብስቦ አዳዲስ ዘፈኖቻቸውን እንዲቀባበሉ ያደረገበት ምሽት በሙዚቃው ታሪክ የታወቀ ነው። በክላርኮች ቤት የተለየው ጥብቅነቱ ነበር፤ ጊታሩ የደረሰው ሰው ባለፈው ሳምንት ያሰማውን መልሶ ማሰማት ስለሚያፍር አዲስ ነገር ይዞ መምጣት ነበረበት።

ዶክመንተሪ ሠሪው ጄምስ ዛላፕስኪ በ1975 መጨረሻና በ1976 መጀመሪያ የቀረጸውና በ1981 ለሕዝብ የታየው «ሃርትዎርን ሃይዌይስ» የተሰኘ ፊልም ይህን ዓለም በዓይን የሚታይ ማስረጃ አድርጎ አቆይቶታል። በ1975 የገና ዋዜማ በክላርኮች ቤት የተቀረጸው ክፍል፣ ጠርሙስ፣ ብርጭቆና የሲጋራ መተርኮሻ የሞላበትን ጠረጴዛ የከበቡ ሰዎችን ያሳያል፤ ሃያ አንደኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ሳምንታት የቀሩት ኧርል ዓይኖቹ እየበሩ አዲስ ዘፈኑን ይጫወታል፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጠው ስቲቭ ያንግ የሃንክ ዊሊያምስን አሮጌ የብቸኝነት ዘፈን ሲያነሣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ በመጨረሻም ክሮዌል የጀመረውን የገና መዝሙር ሁሉም ይቀበሉታል። በሌላ ክፍል ደግሞ ቫን ዛንት በኦስቲን ከተማ ድሀ ሰፈር፣ በእርጅና ላይ ለነበረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አንጥረኛ ሞትን ስለ መጠበቅ የደረሰውን ዘፈን ሲያሰማው፣ ሽማግሌው እንባውን መቆጣጠር ሲያቅተው ይታያል። ከገና ዋዜማው ይልቅ ይህ ትዕይንት የፊልሙን ምንነት የሚያስረዳ ይመስላል፤ ዘፈኑ የሚመዘነው በተመልካች ብዛት ሳይሆን ፊት ለፊት በተቀመጠው በአንዱ ሰው ላይ በሚያደርሰው ነገር መሆኑን ያሳያልና።

የክላርክ የአሠራር ዘዴም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። ጊታር ሠሪና ጠጋኝ ስለነበረ፣ ዘፈን የሚጽፈው እንጨት በሚቀርጽበት የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ በእርሳስ፣ አራት ማዕዘን መስመር ባለው ወረቀት ነበር፤ እርሳስ የመረጠው ለመሰረዝ እንዲመቸው ነው። ከእርሱ ጋር የሠሩ እንደሚመሰክሩት፣ አንድ ወጣት አዲስ ዘፈን ይዞ ሲመጣ ጊታሩን አስቀምጦ ግጥሙን ብቻ በቃሉ እንዲናገር ይጠይቀው ነበር፤ ዜማው ተነሥቶለት ብቻውን መቆም ያልቻለ ስንኝ ወዲያውኑ ይታወቃልና። ምስጋናው ጥቂት ነበር። ክሮዌል በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ ክላርክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮከብ መሆንም ሆነ የጥበብ ሰው መሆን ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች መሆናቸውን ነግሮት፣ ነገር ግን አንዱን እንዲመርጥ አሳስቦታል። ክሮዌል ከዚያ በኋላ በ1975 በኤሚሉ ሃሪስ ቡድን ተቀጥሮ፣ በ1988 በወጣው አልበሙም አምስት ዘፈኖችን በተከታታይ በካንትሪ ሰንጠረዥ 1ኛ ደረጃ ላይ አድርሶ ኮከብነትን ቀምሷል፤ ከአምስቱ አንዱ ከክላርክ ጋር በጋራ የደረሰው ነበር።

የኧርል ትምህርት ከዚህ የመረረ ነበር። ገና ከአሥራዎቹ ዕድሜ ሳይወጣ በሂዩስተን «ኦልድ ኳርተር» በተባለው ጠባብ ቤት ሲጫወት፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ቫን ዛንት «ዋባሽ ካነንቦል» የተባለውን የታወቀ የባቡር ዘፈን እንዲጫወት ደጋግሞ እየጮኸ ይጠይቀው ጀመር፤ ወጣቱ እንደማያውቀው ለማመን በተገደደ ጊዜም ቫን ዛንት የካንትሪ ዘፋኝ ነኝ የሚል ሰው ይህን እንዴት አያውቅም በማለት አሳፈረው። ኧርል መልስ የሰጠው ከራሱ ከቫን ዛንት ዘፈኖች መካከል ቃላቱ እጅግ የበዙትንና ለመሸምደድ የሚያስቸግረውን መርጦ ሳይሳሳት በመጫወት ሲሆን፣ ቫን ዛንት ዝም አለ፤ ጓደኝነታቸውም ከዚያ ይጀምራል። ክስተቱ ሲተረክ አስቂኝ ቢመስልም ውስጡ ያለው ሕግ ግልጽ ነው፤ አዲስ ዘፈን ለመድረስ የሚፈልግ ከእርሱ በፊት የተዘፈነውን የማወቅ ዕዳ አለበት።

የሱዛና ክላርክ ድርሻ በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የቤት እመቤት ድርሻ ሆኖ መቅረቡ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው። እርሷ ለዊሊ ኔልሰን «ስታርደስት» አልበምና ለኤሚሉ ሃሪስ የ1978 አልበም ሽፋን የሆኑትን ሥዕሎች የሣለች፣ ከዚያም ባሻገር ሙሉ ደራሲ ነበረች፤ ባሏ ገና የመጀመሪያውን አልበም በ1975 ሲያወጣ የእርሷ ዘፈን «አይል ቢ ዩር ሳን አንቶን ሮዝ» በዶትሲ ድምፅ በሬዲዮ ይሰማ የነበረ ሲሆን፣ ከካርሊን ካርተር ጋር የደረሰችው «ኢዚ ፍሮም ናው ኦን» በኤሚሉ ሃሪስ፣ ከሪቻርድ ሊ ጋር የደረሰችው «ካም ፍሮም ዘ ሃርት» ደግሞ በ1989 በካቲ ማቲያ ተዘፍነው በሰንጠረዡ ከፍ ያለ ቦታ ያገኙ፣ ሁለተኛውም 1ኛ የወጣ ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት ሁሉ የመውደድና የመጥላት ፍርዱ እጅግ የሚከበረው የእርሷ እንደ ነበረ ክሮዌልም ሌሎቹም መስክረዋል። ያን ትውልድ በሁለት ወንዶች ወዳጅነት ብቻ የሚተርክ ሰው እንግዲህ የታሪኩን አንድ ሦስተኛ ጥሎ ይነሣል።

ዋጋው

ይህ ጓደኝነት ሰውን አላዳነም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የጥፋቱ ተባባሪ ሆኗል። መጠጡ የሌሊቱ ሥርዓት ክፍል ስለነበረ፣ ቫን ዛንት በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ እየተዳከመ ሲሄድ ጓደኞቹ ሥቃዩን ለድርሰቱ የተከፈለ ዋጋ አድርገው የማየት ዝንባሌ አሳይተዋል፤ ይህንን አስተሳሰብ ኋላ ላይ ኧርል፣ ራሱ ከዕፅ ሱስ ከተላቀቀ በኋላ፣ በግልጽ ሲቃወመው ተሰምቷል። ልጁን በቫን ዛንት ስም እስከ መሰየም የደረሰ ሰው ይህን መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ዊሊ ኔልሰንና መርል ሃጋርድ በ1983 «ፓንቾ ኤንድ ሌፍቲ»ን ዘፍነው 1ኛ ባደረሱት ጊዜ እንኳ፣ የዘፈኑ ደራሲ በራሱ ድምፅ አንድም ሥራ በሰንጠረዡ ላይ ሳያስቀምጥ በየመንደሩ መጠጥ ቤቶች እየዞረ ይጫወት ነበር።

የሦስቱ ትስስርም ውጥረት ያልተለየው ነው። ሱዛናና ቫን ዛንት የነፍስ ወዳጆች መሆናቸውን ሁለቱም በይፋ ይናገሩ የነበረ ሲሆን፣ እርሱ በከተማ ቢኖርም በመንገድ ላይ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በስልክ የመነጋገር ልማዳቸውን ለዓመታት ጠብቀዋል፤ ጋይ ይህን እያወቀ ከሁለቱም ጋር ኖሯል። ሱዛና እጆቿን አጣምራ በቁጣ የምትታይበት አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ የተነሣው ሁለቱ ወንዶች ሰክረው ባስቸገሩበት ዕለት ሲሆን፣ ጋይ ግን ካሉት የሚስቱ ፎቶግራፎች ሁሉ የመረጠው ይህን ነበር። በሴፕቴምበር 1995 ክላርክ፣ ቫን ዛንትና ኧርል በናሽቪል «ብሉበርድ ካፌ» በተባለው፣ ደራሲያን በአዳራሹ መካከል ክብ ሠርተው በየተራ በሚጫወቱበት ትንሽ ቤት አብረው ተጫወቱ፤ በ2001 በአልበም የወጣው የዚያ ምሽት ቅጂ የቫን ዛንት ድምፅ ምን ያህል እንደ ደከመ፣ ሁለቱ ጓደኞቹም በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠብቁት ያሰማል።

ቫን ዛንት በጃንዋሪ 1 ቀን 1997፣ በ52 ዓመቱ፣ የካንትሪ ደራሲያን ሁሉ አባት ተደርጎ የሚታየው ሃንክ ዊሊያምስ በሞተበት ዕለት ከ44 ዓመታት በኋላ ዐረፈ። ሱዛና ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት እየተወች ሄደች፤ የጀርባ ሕመምና ኀዘን ተደራርበውባት አብዛኛውን ጊዜዋን በአልጋ ላይ አሳልፋ በጁን 2012 አረፈች።

ከሞት በኋላ የተደረሱት

ደራሲያን ጓደኛ ሲሞትባቸው የሚያደርጉት የሚያውቁትን ነው። ኧርል ለቫን ዛንት «ፎርት ዎርዝ ብሉዝ» የተሰኘ የሐዘን ዘፈን ደርሶ በ1997 አወጣው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ክላርክ ይህንኑ ዘፈን በራሱ አልበም ውስጥ ቀረጸው። ታናሹ የጻፈውን ሐዘን ታላቁ ተቀብሎ መዝፈኑ፣ ጊታሩ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲዞር የነበረው ሥርዓት ከቤቱ ወጥቶ በዓመታት ርቀት መቀጠሉ ነው፤ ክላርክ ከ20 ዓመታት በላይ ሲፈትነው የኖረውን ተማሪ ሥራ የራሱ ቃል አድርጎ ሲወስደው፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና በእርሱ አፍ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባወጣቸው በብዙዎቹ አልበሞች ውስጥ አንድ የቫን ዛንት ዘፈን ያስገባ የነበረ ሲሆን፣ በ2009 በዚያ ቤት በሕልም የተገኘውን ዘፈን በእርጅና በሻከረ ድምፁ ቀርጿል።

ያ የቁጣ ፎቶግራፍም ዘፈን ሆነ። ክላርክ ከካናዳዊው ጎርዲ ሳምፕሰን ጋር የደረሰው «ማይ ፌቭሪት ፒክቸር ኦቭ ዩ» ሚስቱን በዚያ ንዴቷ ላይ ሳለች ያስታውሳል፤ በ2013 በዚሁ ስም የወጣው አልበም ፎቶግራፉን በሽፋኑ ይዞ በተከታዩ ዓመት የምርጥ ፎክ አልበም ግራሚ ሽልማት አገኘ፤ ክላርክ በሕይወት ዘመኑ ያገኘው ብቸኛው ግራሚም ይህ ነው። ሙሾ በተለምዶ የሟችን መልካም ገጽ ይመርጣል። ክላርክ ግን ሚስቱን ጥላው ልትሄድ በተቃረበችበት ቅጽበት መርጦ ማስታወሱ፣ ፍቅሩን ይበልጥ እንዲታመን ያደርገዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪዎቹ ይጠይቀው የነበረውን እውነተኛነት በመጨረሻ በራሱ ላይ ፈጽሞታልና።

ክላርክ በሜይ 2016 ሲሞት አስከሬኑ እንዲቃጠልና ዐመዱ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሳንታ ፌ ለሚኖረው ቀራፂና ዘፈን ደራሲ ቴሪ አለን እንዲሰጥ ተናዞ ነበር፤ ፍላጎቱም ዐመዱ የቅርፃ ቅርፅ ሥራ አካል እንዲሆን ነው። ኧርልና ክሮዌል የተገኙበት የጓደኞች ቡድን ዐመዱን በአውቶቡስ ከናሽቪል ይዞ ሄደ፤ በአለን ቤትም ከሌሎች ጋር ተቀምጠው እንደ ቀድሞው ጊታር እየተቀባበሉ የእርሱን ዘፈኖች ተጫወቱ። አለን በኋላ ይህን ኑዛዜ ለመፈጸም ከነሐስ ቁራ ቀረጸ።

ኧርል በ2009 የቫን ዛንትን ዘፈኖች ብቻ የያዘ አልበም አውጥቶ ግራሚ ካገኘ በኋላ፣ በ2019 ደግሞ «ጋይ» በሚል ስም ለክላርክ ተመሳሳይ አልበም ሠራ፤ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ሳይሠራ በወዲያኛው ዓለም ክላርክን ማግኘት እንደማይፈልግ መናገሩ፣ የመጀመሪያውን አድማጭ ፍርድ መፍራት በሞት እንዳልተቋረጠ ያመለክታል። ለሱዛና ግን እስካሁን እንዲህ ያለ አልበም አልተሠራም። ክሮዌል በ2017 አልበሙ ውስጥ ያለ እርሷ ስለሚኖር ሕይወት አንድ ዘፈን ደርሶ፣ በመጨረሻ ዘመኗ ከእርሷ መራቁ የተወበትን ጸጸት ገልጿል።

በ2021 የወጣው የክላርኮችና የቫን ዛንት ዶክመንተሪ ፊልም ግን ታሪኩን በሙሉ በእርሷ አንደበት እንዲተረክ አድርጓል፤ ተዋናይቷ ሲሲ ስፔሴክ የሱዛናን ቃል የምታነበው ከማስታወሻ ደብተሮቿ ሲሆን፣ ከእነርሱ ጋር ሱዛና ወንዶቹ ሲጠጡ፣ ሲከራከሩና ሲዘፍኑ በቤቷ የቀረጸቻቸው ካሴቶችም ተሰምተዋል። ዛሬ ስለ እነዚያ ሌሊቶች የሚታወቀው ነገር ከትረካ አልፎ ለማስረጃ የበቃው በአብዛኛው እርሷ ጽፋና ቀርጻ ስላቆየችው ነው፤ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ሥራቸውን መጀመር ያለባቸው ከእነዚያ ካሴቶችና ደብተሮች ነው።